ከሰዓት በኋላ የተለካው ድምፅ

ልጅ እያለሁ አንድ ቀን ዓይኔና ጆሮዬ ተጣሉብኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጬ፣ ማዶ ጥግ ላይ ልብስ የምታጥብ ሴት እመለከታለሁ። ሴትዮዋ የተጠቀለለውን ጨርቅ ከፍ አድርጋ ድንጋዩ ላይ ታሳርፈዋለች። ጨርቁ ድንጋዩን ሲመታ ድምፅ የለም። እጇ ተመልሶ ሲነሳ፣ ጨርቁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ «ጧ!» ይላል። ባዶ አየር የመታች ይመስላል። ክው ብዬ ቀረሁ። ዓይኔን አሸሁ፤ ጆሮዬን በጣቴ ጠረግሁ። ያው ነው። የታመምኩ መስሎኝ ቤት ድረስ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ግንባሬን ዳሰሰችና «ትኩሳት የለብሽም» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

በማግስቱ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁ። የኮቱ ክርን የተጣፈ፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቱ የሚይዝ ረጅም ሰው ነበር። ሌላው ልጅ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ከክፍል አውጥቶ ዝናብ ያቆረው ውሃ አጠገብ አቆመንና ጠጠር ጣለበት። ክቡ እየሰፋ እግራችን ሥር ደረሰ። ውሃው ራሱ አልመጣም፤ ላዩ የተኛችው ቅጠል ባለችበት ከፍ ዝቅ ብላ ቀረች። የመጣው መንቀጥቀጡ ነው። «ድምፅም እንዲሁ ነው» አለን። «ድንጋዩ አጠገብ ያለው አየር ይነቃነቃል፣ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ያም የራሱን ጎረቤት ይገፋል፤ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ያህል ይሄዳል። ብርሃን ግን ዓይንሽ ሳይርገበገብ ደርሷል።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ዓይንሽም ጆሮሽም አልዋሹሽም። የአንዱ መልእክተኛ ፈረሰኛ ነው፣ የሌላው እግረኛ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልለካው ነገር አልነበረም። መብረቅ ብልጭ ካለ እስኪያጓራ እቆጥራለሁ። እንጨት ፈላጭ ካየሁ ራቅ ብዬ ቆሜ እቆጥራለሁ። የሰፈር ልጆች «ቆጣሪዋ መጣች!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ሲናደዱ ደግሞ «ጴንጤዋ ቆጣሪ» ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው ስድብ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እናቴ ወርቅነሽ በሰፈሩ የታወቀች ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ግን ከስፌቷ ይልቅ በጸሎት ቤታችን መዘምራን መሃል ከሁሉም በላይ በሚወጣው ቀጭን ድምፅዋ ነበር የምትታወቀው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ጸሎት ቤቱ ተዘጋ። በሩን በሰንሰለት የቆለፈው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ በየነ ነበር፤ ቆሜ አይቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ የቀበሌ ስብሰባ ይካሄድበት ጀመር። ምእመናኑ አምስት አምስት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ያዙ። ሲያዙ የሚታሰሩ ነበሩ፤ ከሰፈራችን ሁለት ሰዎች ታስረው አንደኛው ገና አልተመለሰም።

ጸሎቱ በሹክሹክታ ይቻላል። መዝሙር ግን በሹክሹክታ አይሆንም። የቤታችን ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጎረቤታችን ሲያዛጋ እንሰማዋለን። ስለዚህ እነእናቴ መጋረጃውን ጋርደው በከንፈራቸው ብቻ ይዘምሩ ነበር። አፋቸው ይከፈታል፣ አንገታቸው ይወጠራል፣ ፊታቸው ይበራል፤ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አየኋት። አንድ ቀን ስፌቱን አቁማ «አንገቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዝጎብኛል» አለችኝ።

መላውን ያመጣው ጋሽ ላሊሶ ነው። ጋሽ ላሊሶ እኛ ቤት ከሚሰበሰቡት ከአምስቱ አንዱ የሆነ፣ የራሱ ጀልባ ያለው ሲዳማ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ማታ መረቡን ይጥላል፣ ጎህ ሲቀድ ያወጣል። አንድ ምሳ ሰዓት ቤታችን ተቀምጦ ድንገት «ግድግዳ ጆሮ አለው፤ ውሃ ግን ጆሮ የለውም» አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ እናቴና ሦስቱ ሰዎች ቅርጫት ይዘው፣ ዓሣ ከመረቡ ላይ ሊገዙ ነው ተብሎ፣ በእሱ ጀልባ ይሄዳሉ፤ መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ይዘምራሉ።

«ምን ያህል ብንርቅ ነው የማይሰማው?» አለች እናቴ።

«እሱንማ ፕሮፌሰሯን ጠይቂያት» ብሎ ጋሽ ላሊሶ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሲቀልድ ነበር። እኔ ግን አልቀለድኩም።

«ይለካል!» አልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ለካን። የአለካኩ ዘዴ የእኔ ነው፤ ያኔ በጣም ኮርቼበት ነበር። ጋሽ ላሊሶ እየቀዘፈ ይርቃል፤ በየመሃሉ ይቆምና መቅዘፊያውን ወደ ላይ አንስቶ ባለ በሌለ ኃይሉ «ወርቅነሽ!» ብሎ ይጮሃል። እኔ ሾላው ሥር ቆሜ ከሰማሁ ነጭ ጨርቅ አነሳለሁ፤ ካልሰማሁ አላነሳም። አንደኛውን ሰማሁ። ሁለተኛውን ሰማሁ። አራተኛው ላይ ነፋሱ እያወላገደ አመጣልኝ። ስድስተኛው ላይ መቅዘፊያው ሲነሳ አየሁ፤ ቆጠርኩ፣ ጠበቅሁ፤ ምንም። ጨርቁ ስላልተነሳ ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ምንም። ጋሽ ላሊሶ የማዶውን ሸንበቆና አንድ ዛፍ ምልክት አድርጎ ቦታውን ያዘ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ድምፄ እንደ መምህር ነበር። «ለጥንቃቄ ያንኑ ያህል ጨምሩበት» አልኳት። ጨመሩበት።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቅዳሜ ሄደች። ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ቅርጫቷ ውስጥ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይዛ፣ እያፏጨች ዓሣዋን ስትጠብስ ማየት ለእኔ ሽልማት ነበር። ቤታችን የጥብስ ዓሣና የስፌት መኪና ዘይት ይሸት ነበር። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ «ምን አግኝተሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ዓሣ» አለችው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ቅርጫቷን ረስታ ሄደች። ስነቃ ከበሩ ጀርባ ተቀምጧል። ያለ ቅርጫት ዓሣ ልገዛ ነው ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼው ሮጥኩ። ፀሐይ ገና ከኋላዬ ከኮረብታው ጫፍ ብቅ ማለቷ ነው። ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል። አየሩ ጉልበቴን ይቆነጥጠኛል።

ሾላው ጋ ስደርስ ሰማኋት።

እናቴ ትዘምራለች። ከኋላዬ ቆማ እንደምትዘምር ያህል ቅርብ። ዞርኩ፤ የለችም። ሸንበቆውን ገለጥኩ፤ የለችም። ቀና ብዬ ሐይቁን ሳይ ጀልባዋ ከለካነው ቦታ እጅግ ርቃ፣ የምስር ፍሬ አክላ ትታያለች። ድምፁ ከዚያ ነው የሚመጣው። መዝሙሩ ብቻ አይደለም። የመቅዘፊያው ሲጥሲጥታ ይሰማል። የጋሽ ላሊሶ ሳል ይሰማል። በሁለት ስንኝ መሃል እናቴ «አበበች፣ አትጎትቺው!» ብላ ጓደኛዋን ስትቆጣ ይሰማል። ቅርጫቱ ከጭንቅላቴ ላይ ወደቀ።

ምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ራሴ መምህር ስሆን ነው። ሌሊቱን ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሐይቁ ላይ ይተኛል፤ ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር ይሆናል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጠን፣ በቀዝቃዛው ዘግየት ይላል። ከጀልባ ተነስቶ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ታዲያ ላይኛው ወገኑ ስለሚቀድም ይጎብጥና ተመልሶ ውሃው ላይ ይወርዳል፤ ውሃው ደግሞ ለጥ ያለ ስለሆነ መልሶ ያነጥረዋል፤ እንዲህ እየሆነ ዳር ድረስ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይገለበጣል። ዳርቻው ይግላል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ድምፁ ወደ ላይ ጎብጦ ከጭንቅላታችን በላይ ያልፋል። እኔ የለካሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እነሱ የሚዘምሩት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። በዚያች ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እናቴን ለእስር የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዳርቻውን አየሁ፤ ሰዎች ነበሩ። ዓሣ የሚሰነጥቁ ሴቶች፣ መረብ የሚጠግኑ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ውሃ ቀጂዎች። ጋሽ በየነም ነበር። ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ክብ መስተዋት ቅርንጫፍ መሃል ሰክቶ፣ ፊቱ ላይ አረፋ ተቀብቶ ይላጫል። የዓሣ ሻጯ የእትዬ ዘነበች ቢላ የአንድ አምባዛ ሆድ ላይ እንዳለ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ መርፌያቸውን ይዘው ቀርተዋል። የደነገጡ መሰለኝ።

«ዛሬ ባለቀጭን ድምፅዋን ጉንፋን ይዟታል» አለ ጋሽ በየነ፣ ከመስተዋቱ ሳይዞር።

«የምን ጉንፋን?» አለች እትዬ ዘነበች በለሆሳስ። «ብርዱ ነው። ሲሞቃት ይፈታላታል።»

«ባለፈው ቅዳሜ እንዲህ አልነበረችም እኮ።»

«አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ስማ!»

ባለፈው ቅዳሜ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስድስቱንም ቅዳሜ ሰምተዋል፤ ሁሉም። የእናቴን ጉሮሮ ከእኔ ይበልጥ አውቀውታል። ጸሎት ቤታችንን የቆለፈ ሰው ጢሙን የሚላጨው በእናቴ መዝሙር ነው። ጋሽ በየነ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና «አንቺ፣ ቅርጫትሽን አንሺና ተቀመጪ፤ አታንኮሻኩሺብን» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ትንፋሼ ሳይመለስ እትዬ ዘነበች «ወይኔ! ጓድ መጣ!» አለች።

ከመንገዱ በኩል አዲስ የተመደበው ካድሬ፣ ካኪ ለብሶ ደብተር በብብቱ ይዞ፣ ቀስ እያለ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። የዓሣ አጥማጆችን ማኅበር ሊጎበኝ ነው። መዝሙሩ አልቆመም፤ እንዲያውም እናቴ ድምፅዋ ተፈታላትና ከፍ አደረገችው። ያኔ ዳርቻው በአንድ ጊዜ ተናወጠ። «ቢላዬን አምጪ አንቺ ሌባ!» አለች እትዬ ዘነበች፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት። «የቱን ቢላ? በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?» አለች ያችኛዋ፤ ከምሯ ነው የደነገጠችው። ሽማግሌዎቹ የተገለበጠ ጀልባ በድንጋይ ይደበድቡ ጀመር። ግን ቀጭን ድምፅ ክፉ ነው፤ በጫጫታው መሃል እንደ መርፌ ሾልኮ ይወጣል።

ጋሽ በየነ መስተዋቱን ከቅርንጫፉ ነቅሎ እጄ ላይ ጣለው። «ልጅ ነሽ፤ በመስተዋት ብትጫወቺ ማን ይጠይቅሻል! ዓይናቸው ላይ አብሪባቸው! ቶሎ!»

መስተዋቱን ወደ ጀልባዋ አዙሬ ያዝኩ። ምንም አልሆነም። ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት፤ የምታገኘው የመስተዋቱን ጀርባ ነው። ወደ ፀሐይዋ ሳዞረው ብርሃኑ ሄዶ የእትዬ ዘነበች ሆድ ላይ አረፈ። ካድሬው ሃምሳ እርምጃ ቀርቶታል። በስንት ማዕዘን ከገባ በዚያው ማዕዘን ይወጣል፤ መምህራችን ይህን ገና አላስተማረንም፣ ግን በመስተዋት የተጫወተ ልጅ ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። መስተዋቱን እንደ ትሪ አጋድሜ፣ በሐይቁ በኩል ያለውን ጠርዝ በጥቂቱ ዝቅ አደረግሁ። የብርሃን ቁራጭ ሸንበቆውን ዘሎ ውሃው ላይ ሮጠ። አወዛወዝኩት።

በዚያ ዘመን ከዳር የሚያብለጨልጭ ነገር ወይ የሩቅ ማያ መነጽር ነው፣ ወይ ጠመንጃ። ጀልባዋ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠላዎች በአንድ ጊዜ ሲጎነበሱ አየሁ። ዝም አሉ! አልኩ በልቤ።

ግን መዝሙሩ ይሰማል። አፋቸው ተዘግቶ መዝሙሩ ይሰማል። እግረኛው መልእክተኛ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከመዝጋታቸው በፊት የወጣው ድምፅ ውሃውን እያቋረጠ ይመጣል፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከሦስት ሰከንድ በላይ መንገድ ነው። ካድሬው ሾላው ጥላ ውስጥ ገብቶ አንገቱን ወደ ሐይቁ ሰበር አደረገ።

ጋሽ በየነ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ ወረወረው። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብሎ ጮኸ፤ ጆሮዬ እስኪደነቁር። መፈክር ከተሰማ አለመመለስ የለም፤ ያ ዘመን እንዲህ ነበር። ዳርቻው ሁሉ እጁን አነሳ። «ትቅደም!» አለ። እትዬ ዘነበች ቢላዋን እንደያዘች አነሳች። ካድሬውም፣ ምን ያድርግ፣ ደብተሩን ወደ ቀኝ ብብቱ አዛውሮ ግራ እጁን አነሳ፤ እሱም ጮኸ። እጃችን ሲወርድ ሐይቁ ጭር ብሏል።

«ጓድ፣ ፊትህን ግማሹን ብቻ ነው የምትላጨው?» አለ ካድሬው።

«ጓድን ለመቀበል ስቸኩል ነው፣ ጓድ።»

«ቅድም ዘፈን የሰማሁ መሰለኝ።»

«ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። መረብ ሲጎትቱ ይዘፍናሉ።»

«ሞራላቸው ጥሩ ነው» አለና ካድሬው ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሚዛኑን አየ፣ ማኅበሩን አየ፣ ሄደ። ጋሽ በየነ መስተዋቱን ከእጄ ሲወስድ አላየኝም። ቀሪውን ፊቱን ሲላጭ ሁለት ቦታ ተቆረጠ።

እናቴ ከጀልባ ስትወርድ ከንፈሯ ነጥቷል። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስድስቱንም ቅዳሜ፣ የጉንፋኑን ነገር፣ መስተዋቱ የማን እንደሆነ። «ሁሉም?» አለች። «ሁሉም» አልኩ። «በየነም?» «እሱ ነው እኮ ባለፈው ቅዳሜ ይሻል ነበር ያለው!» መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «የለካሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ እማዬ!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ጠዋትና ከሰዓት አንድ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ ነው?» አለችና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ።

ሁለት ቅዳሜ አልሄደችም። ስፌት መኪናዋ ላይ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ ትውላለች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ በየነ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። እናቴ እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ደረቀ። አሁን ሊወስዳት ነው አልኩ፤ ቀሚሷን ያዝኩ።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ዓሣ መግዛት ተዉ እንዴ?» አላት።

«አይ… ትንሽ አሞኝ ነው።»

«ይማርዎት።» ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ። «ካድሬው ለኮርስ ሄዷል፤ ቶሎም አይመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳርቻው ላይ ተረኛው እኔ ነኝ። ቆሮሶ ሞልቷል። ሰዎቹም እየጠየቁ ነው።»

«ምን ብለው?»

«ያቺ ዓሣ ገዢ የት ጠፋች ብለው ነዋ!» የተቆጣ ይመስል ነበር። ሌላ ቃል ሳይጨምር ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቅርጫቷን አንስታ በር ላይ ስትደርስ «እማዬ፣ እየሰሙሽ ነው እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ ወጣች።

ዛሬ ጸሎት ቤታችን ከተከፈተ ቆይቷል። ጋሽ በየነ መንግሥት ሲለወጥ ከከተማው ወጣ፤ ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ ትጠይቃለች። ያኔ አዋሳ የምንላት ከተማ ሀዋሳ ሆና ሰፍታለች፤ ሐይቁ ዳር ሙዚቃ የማይከፈትበት ሰዓት የለም። ተማሪዎቼን ማለዳ ወስጄ ላሰማቸው ሞክሬ ነበር፤ የሰማነው የሞተር ጀልባ ብቻ ነው። ጸሎት ቤቱም በበኩሉ ጣሪያው ላይ አራት ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል።

በቅርቡ ጎረቤቶች ለጸሎት ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ «እባካችሁ ድምፃችሁን ቀንሱልን፣ ሕፃናት አልተኙም» የሚል። ወጣቶቹ ተቆጡ፤ «መብታችን ነው!» አሉ። እናቴ እዚያው አዳራሹ ውስጥ መነጽሯን አድርጋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ወንበሩን ይዛ እስክትቆም። ሁሉም ግራ ገብቶት ያያታል። ሳቋ ሲያልፍላት ወደ ድምፅ ማጉያው ማሽን ሄደች፤ ብዙ ቁልፍ አለው።

«አንቺ የድምፅ መምህር» አለችኝ፣ «የቱ ነው የሚቀንሰው?»

አሳየኋት። በገዛ እጇ አዞረችው።